ሁለት ሰው በአንድ ሣጥን

ለክቡር የጤና መረጃ ማዕከል ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ እኔና እህቴ ሁለት ሰዎች መሆናችንን በትሕትና ስለ ማሳወቅ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰንብተዋል? የእርስዎ ጤና፣ የቤተሰብዎ ጤና፣ የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣ ጤና እንደምን አለልኝ? እኔ ክቡርነትዎ ለሕዝብ ባበረከቱት የጤና መዝገብ ሲስተም መሠረት እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ዘጠነኛ ወር ውስጥ ገብቻለሁ፣ ፅንሱም በማሕፀኔ ተጋድሟል፣ ከዚህ ሌላ የሚያሳስብ ነገር የለብኝም። ወንድ መሆኔን ካርዴ ላይ በትልልቅ ፊደል የጻፈውም ይኸው ሲስተም ስለሆነ፣ የትኛውን አምኜ የትኛውን እንደምጠራጠር ግራ ቢገባኝ እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ።

ይህን ደብዳቤ በስልኬ የምጽፈው ከሆስፒታሉ ኮሪደር፣ ከኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። መንታ እህቴ ልትገላገል በዚያ በር ከገባች ቆየች። የቀኝ ጉንጬ አብጦ እንደ ልቤ መናገር አልችልም፤ ጣቶቼ ግን ደኅና ናቸው። እሷ በሰላም እስክትወጣ ድረስ ደብዳቤው ከስልኬ እንደማይወጣ ከወዲሁ ላስታውቅዎ፤ ምክንያቱን ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል። እስከዚያው ግን ለተደረገልን ሁሉ በተራ በተራ እንዳመሰግን ይፈቀድልኝ።

፩ኛ፦ ስለ ምዝገባው ፍጥነት አመሰግናለሁ። የወረቀት ካርዶች ሁሉ ተሰብስበው መረጃው ወደ ሲስተሙ እንዲገባ ባዘዙ ጊዜ እኔና እህቴ አብረን ሄድን። እሷ ከእኔ ጥቂት ቀድማ ስለ ተወለደች በሄድንበት ሁሉ ቀድማ የመግባት መብት አላት፤ ይህን መብቷን ከልጅነታችን ጀምሮ ለአንድ ቀን እንኳ አልተወችልኝም። ስለዚህ መዝጋቢዋ መጀመሪያ የእሷን የወረቀት ካርድ እያነበበች አንድ በአንድ አስገባች፤ ፔኒሲሊን የሚባለው መድኃኒት ለሕይወቷ አስጊ መሆኑንም ሳትዘነጋ አስገባች። የእኔ ተራ ሲደርስ ግን ፈገግ ብላ «አንተ ደግሞ ምን ጣጣ አለብህ፣ መንታ አይደላችሁ» አለችኝና «እንደ ቤተሰቡ ሙላ» የሚለውን የኮምፒውተሩን በተን ተጫነች። ስሜንና ጾታዬን ቀየረች፣ የእኔን የወረቀት ካርድ ሳትገልጠው ከእህቴ ካርድ ጋር ወረቀት ወደሚቆራርጠው ማሽን ጨመረችው፣ በቃ አለቀ። መዝጋቢዋን አልወቅሳትም። በተኑን ያበጁላት፣ እሱን የማይጠቀም መዝጋቢ ቀርፋፋ ነው የሚል ሰርኩላር የላኩላት፣ ስለ በተኑም በአዳራሽ ተጨብጭቦልዎ የተሸለሙት ክቡርነትዎ ነዎት።

፪ኛ፦ እዚህ ላይ ስለ እንጀራዬ ጥቂት ብናገር ነገሩ ይቀልልናል። ድረ ገጽና ፕሮግራም እየሠራሁ የምኖር ሰው ነኝ። በእኛ ሙያ፣ ስለ አንድ ሰው የሚታወቀው ሁሉ ተሰብስቦ የሚቀመጥበት ነገር ኦብጀክት ይባላል፤ ለአባባል ያህል ቁም ሣጥን ነው ይበሉት። በአንዱ መሳቢያ የደም ዓይነቱ፣ በሌላው ያለበት ሕመም፣ በሌላው የማይስማማው መድኃኒት ይቀመጣል። ታዲያ ኮምፒውተርን «ሁለተኛው እንደ መጀመሪያው ይሁን» ብለው ሲያዙት፣ ሌላ ሣጥን ሠርቶ ዕቃውን አንድ በአንድ የሚገለብጥልዎ ከመሰለዎ ተሸውደዋል። እሱ ከሰው የባሰ ሰነፍ ነውና ለሁለተኛው ሰው የመጀመሪያውን ሣጥን ቁልፍ አስቀርጾ ይሰጠዋል። ሁለቱም በየቁልፋቸው ከፍተው ሲያዩ ያው ልብስ ተሰቅሎ ስለሚያገኙት፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሣጥን ያላቸው ይመስላቸዋል። አንደኛው ካፖርቱን ይዞ የወጣ ቀን ነው ሌላው ብርድ የሚመታው።

በእኛ መሥሪያ ቤት አዲስ የተቀጠረ ሁሉ ይህችን ስሕተት አንዴ ሳይሠራት አያልፍም። በቅርቡ አንዷ ባልደረባችን በሠራችው የጫማ መሸጫ ገጽ ላይ፣ አንዱ ገዢ ጫማ በመረጠ ቁጥር ያው ጫማ በማያውቀው ሰው ዘንቢል ውስጥ ይገባ ነበር፤ ከሰዓቱን ሙሉ ስቀንባት ዋልን፣ እሷም አብራን ስቃ አስተካከለችው። ለጫማ ይሳቃል። ክቡርነትዎ ግን ያንኑ ስሕተት ያኖሩት የሰው ደምና እስትንፋስ በተመዘገበበት ቦታ ነው፤ ስምና ጾታ ብቻ ከሣጥኑ ውጭ፣ በሩ ላይ ስለ ተለጠፉ፣ ከውጭ ለሚያይ ሰው እኔና እህቴ ሁለት ሰዎች እንመስላለን።

፫ኛ፦ ስለ እንኳን ደስ ያለዎ መልእክቱ አመሰግናለሁ። «የተከበሩ አቶ፣ በእርግዝናዎ እንኳን ደስ ያለዎ፤ ለክትትል እንዳይቀሩ» የሚለው መልእክት ስልኬ ላይ የደረሰኝ ስብሰባ ላይ ሳለሁ ነበር፤ ከጎኔ የተቀመጠው ባልደረባዬ አንብቦት ኖሮ ወሬው ከስብሰባው ቀድሞ ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ መጠሪያዬ «ነፍሰ ጡሩ» ሆኗል። አለቃዬ ሳይቀር «እስቲ ለነፍሰ ጡሩ ውኃ አቀብሉት» ማለት ጀመረ። ለእህቴ ደውዬ ስነግራት እስኪያማት ስቃ፣ «ወንድም ዓለም፣ ምጡንም ትካፈለኝ እንደሆን ጠይቅልኝ» አለችኝ። ለዚህ ሳቅ በእውነት ባለ ዕዳዎ ነን፤ ከዚያ በኋላ ብዙም አልሳቅንምና።

፬ኛ፦ ጥርሴን አመመኝ። የጥርስ ሐኪሟ ካርዴን ከፍታ ስታይ ፔኒሲሊን እንዳይሰጠኝ የሚከለክል ማስጠንቀቂያ ቀይ ሆኖ ብቅ አለባት። እኔ ያን መድኃኒት ከልጅነቴ ጀምሮ ስውጠው የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ይህ ስሕተት ነው አልኳት። ሐኪሟ ጠንቃቃ ሴት ናት፤ በቃሌ ብቻ አላመነችም። ትንሽ ሰጥታኝ በረንዳው ላይ አስቀመጠችኝ፣ እየመጣች ምላሴንና አንገቴን አየች፣ ምንም እንዳልሆንኩ ስታረጋግጥ ብቻ ማስጠንቀቂያውን ሰርዛ «በባለሙያ ተረጋግጧል፤ ፔኒሲሊን ይስማማል» ብላ ጻፈች። በዓለም ላይ ካሉት የጥርስ ሐኪሞች ሁሉ የእኔዋን የመሰለች ሥራዋን አክባሪ የለችም። ያን ዕለት ሥራዋን አክብራ እህቴን ልትገድላት ነበር።

፭ኛ፦ ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነውና ክቡርነትዎ ቢቀመጡ ይሻላል። እህቴ ሕፃን ሳለች ሳል ይዟት ሐኪም ቤት ተወስዳ የፔኒሲሊን መርፌ ተወጋች። እናታችን ይህን ነገር ስትነግረን ድምጿ ዛሬም ይቀየራል፤ ልጅቷ አላለቀሰችም ትላለች፣ ጉሮሮዋ ተዘግቶ ማልቀስ ስላቃታት ዓይኗን አፍጥጣ እናቷን ብቻ ታያት ነበር፣ ከንፈሯም ጠቁሮ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን የዚያ መድኃኒት ስም እንደ ክፉ ስም ሲጠራ ኖረ። አሁን ደግሞ ልጇ በማሕፀኗ ተጋድሞ ስለ ተገኘ በኦፕራሲዮን እንድትገላገል ተወሰነ፤ ቁስሉ እንዳያመረቅዝ አስቀድሞ የሚሰጠው መርፌም የዚያው የፔኒሲሊን ዘር ነው።

ለክትትል ሄዳ ይህን ስትናገር አዋላጇ ስክሪኑን አይታ፣ እንደሚስማማት በባለሙያ ተረጋግጧል አለቻት። እህቴ ማን እንዳረጋገጠው ብትጠይቅ የጥርስ ሐኪም ሆኖ ተገኘ፤ እህቴ ደግሞ በሕይወቷ የጥርስ ሐኪም ደጅ ረግጣ አታውቅም። አዋላጇ አዘነችላት፣ «እኔ ምን ላድርግ እህቴ፣ አላመንኩሽም ማለቴ አይደለም» አለቻት፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክቡርነትዎን ሰርኩላርም አሳየቻት። ታካሚ የሚናገረው ቃል በሲስተሙ ከተረጋገጠው ጋር ሲጋጭ ሲስተሙ ይጸናል፣ ይህንንም ሊሽር የሚችለው የሌላ ባለሙያ የዓይን ምስክርነት ብቻ ነው ይላል። ምስክር ይሆን የነበረው የእህቴ የወረቀት ካርድ ተቆራርጧል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል ወረቀትን ለመስደብ ይመስለኝ ነበር፤ የወረቀትን ውለታ ያወቅሁት በእርስዎ ዘመን ነው።

እህቴ የዚያን ዕለት ስትደውልልኝ አልጮኸችም። «አንተ ከኮምፒውተር ጋር ነው የምትውለው፣ ይኼ ነገር ምንድን ነው?» አለችኝ። ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ ስለ ገባኝም ፈራሁ።

፮ኛ፦ በቢሮዎ ስለ ተደረገልኝ አቀባበል አመሰግናለሁ። ክቡርነትዎን ባላገኝዎትም ፎቶግራፍዎን ለረጅም ጊዜ የማየት ዕድል ገጥሞኛል። ከጸሐፊዎ ጠረጴዛ በላይ፣ በሲስተሙ ምረቃ ቀን ከታላቅ ወንድምዎ ጋር ሆነው አዳዲስ ካርዶቻችሁን ከፍ አድርጋችሁ የተነሣችሁት፣ በወርቅማ ፍሬም የተሰቀለው ነው። ጸሐፊዎ ትሑት ሴት ናት፤ ጥበቃው እንዳይሰለቸኝ ብላ የፎቶውን ታሪክ ነገረችኝ። ትልቅየው ስኳር ስላለባቸውና በመርፌ ስለሚኖሩ ቆመው መጠበቅ አይችሉምና ቀድመው ተመዘገቡ፤ ክቡርነትዎ ደግሞ ያቺ በተን አንዴ ጠቅ ስትል አለቀልዎት፣ አዳራሹም ቆሞ አጨበጨበ። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

በመጨረሻ ወደ ፕሮግራመርዎ ተላክሁ። የጆሮ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ የጣለ ጎልማሳ ነው፤ ጉዳዩን አጋምሼ ሳልጨርስ ፊቱ ተለዋወጠ፣ ኮዱን ከፍቶ ያቺን መስመር ራሱ በጣቱ አሳየኝ። «ወንድሜ፣ ጠዋት ቢያዙኝ ለምሳ ባደረስኩልህ» አለኝ። «ግን በተኑ የተሸለመ ነው። የተሸለመ ነገር ስሕተት አለበት ብሎ የሚፈርም ሰው ከየት ይመጣል?» ይህን ስለ ተናገረ እንዳይቀጡት በትሕትና እለምናለሁ፤ ባይሆን እኔን ይቅጡኝ፣ ሲስተሙ ላይ ነፍሰ ጡር ስለሆንኩ ሕጉ ይራራልኛል።

፯ኛና ከሁሉ የላቀው፦ ስለ መልስዎ አመሰግናለሁ። አንድ ቀን ላስደስትዎ ብል ከራሴ አፍልቄ ይህን የመሰለ አንቀጽ መጻፍ አልችልምና ቃል በቃል ልጥቀሰው፦ «ሲስተሙ እንከን የለበትም። የአቤቱታው መነሻ አመልካቹና እህታቸው የሚጋጭ መረጃ መስጠታቸው ነው። ስለዚህ ሁለቱ ተነጋግረውና ተስማምተው አንድ ወጥ የጤና ሁኔታ እንዲያቀርቡ እናሳስባለን። ዋና ኃላፊው ራሳቸው በቅርቡ ባደረጉት ምርመራ ምንም ዓይነት ሕመም የሌለባቸው መሆኑ በዚሁ ሲስተም መመዝገቡ ለጥራቱ በቂ ምስክር ነው።»

ይህን ለእህቴ አነበብኩላት። ያበጡ እግሮቿን ትራስ ላይ አስቀምጣ ሰማችኝ፤ አንዴ ስቃ፣ ቀጥሎ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኛም ክቡርነትዎ የትም አገር ኃላፊ ያልሰጠውን መመሪያ ስለ ሰጡን ልናከብረው ቆረጥን። ተነጋገርን፤ ተስማማንም። ሣጥኑ አንድ ከሆነና የሚይዘውም የአንድ ሰው ዕቃ ብቻ ከሆነ፣ የሚገባው የእሷ ዕቃ ነው። «ጥርስህስ?» አለችኝ። ጥርስ ሌላ አለኝ አልኳት።

በማግሥቱ ማንም ወደማያውቀኝ ሰፈር ሄጄ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ገባሁ። የጥርስ ሕመሜ እውነተኛ ስለነበር ማስመሰል አላስፈለገኝም። የክሊኒኩ ሲስተር ካርዴን አየች፣ ፔኒሲሊን ይስማማዋል የሚለውን አነበበች፣ ክኒኑን በውኃ ሰጠችኝ። ጥቂት ተቀምጬ እጄን ጉሮሮዬ ላይ አደረግሁና ከወንበሩ ተንሸራትቼ መሬት ወደቅሁ። እናታችን ስትነግረን የኖረችውን ሁሉ አደረግሁት፤ ዓይኔን አፈጠጥኩ፣ አፌን ከፍቼ ድምፅ አላወጣሁም፣ ትንፋሼን አፍኜ ያዝኩ። የወደቅሁት ልዋሽ ነበር። መሬቱ ላይ ሳለሁ ግን ያቺ ሕፃን ታየችኝ፤ መጮኽ አቅቷት እናቷን እያየች። እንባዬ መጣ፣ እሱም ውሸት አልነበረም። ሲስተሯ ኮሌታዬን ስትፈታ «ጌታዬ፣ ጌታዬ፣ አይዞህ» ትለኝ ነበር፤ ያዘጋጀችውን መርፌ ሳትወጋኝ እንደምንም ተሻለኝ ብዬ ተነሣሁ። እሷን ይቅርታ እጠይቃታለሁ፤ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ሽሙጥ የሌለበት አንቀጽ ቢኖር ይህ ነው።

እሷም በዓይኗ ያየችውን ጻፈች፦ «በባለሙያ ተረጋግጧል፤ ፔኒሲሊን ለሕይወት አስጊ ነው።» ከክሊኒኩ በር ሳልወጣ እህቴ ከአዋላጇ ክፍል ደወለች። «ቀዩ ማስጠንቀቂያ ተመልሷል» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ጥርሴን የሚያድነውን መድኃኒት የሚሸጥልኝ መድኃኒት ቤት የለም፤ በምትኩ የሚሰጠኝ ሆዴን ከመቁረጥ በቀር ለጉንጬ የፈየደው ነገር የለም። ይሁን። እኔ በመዝገብዎ ውስጥ የለሁም፤ ያለችው እሷ ናት። ዛሬ መንገድ ላይ ብወድቅና ሰዎች ካርዴን ቢከፍቱ እህቴን ያክማሉ። ይህን የመረጥነው ሁለታችን ነን፣ ያመራረጡን ግን እርስዎ ነዎት። ሰው ሆኖ በዚህ መልክ ከእህቱ ጋር መመራረጥ ምን ያህል እንደሚያም ልነግርዎ አልሞክርም፤ እዚህ ወንበር ላይ አንድ ጠዋት ቢቀመጡ ይበቃዎት ነበር።

እንግዲህ ወንጀሌን በገዛ እጄ ጽፌ አስረክቤዎታለሁ። በሐሰት ታምሜአለሁ፣ ባለሙያ አታልያለሁ፣ የመንግሥት መዝገብ አበላሽቻለሁ። ደብዳቤውን ይዤ የቆየሁትም፣ እህቴ በዚያ በር ውስጥ ሳለች አንድ ሥራ ወዳድ ሰው ውሸቴን ፈጥኖ እንዳያርምልኝ ፈርቼ ነው። ከወጣች በኋላ ግን በፈለጉት መንገድ ይክሰሱኝ። ብቻ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ እኔ ያልታመምኩትን ታምሜአለሁ ብዬ ማስመዝገቤን ለዳኛው ለማስረዳት፣ የታመመችው ሌላ ሰው መሆኗን ማስረዳት ይኖርብዎታል። ያን ቀን እኔና እህቴ ሁለት ሰዎች መሆናችን በእርስዎ ፊርማ ይረጋገጣል። ለእስራቱ ብርድ ልብስ ይዤ እመጣለሁ።

ወገቤን ሰብሬ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ያበጠ ጉንጬን በመዳፌ ደግፌ፣ ለክቡርነትዎ ሺህ ዓመት ዕድሜ፣ ለበተንዎ ደግሞ አጭር ዕድሜ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ቁልፍ እንጂ ሣጥን ያልተሰጠው፣
ነፍሰ ጡሩ ታዛዥዎ

ግልባጭ፦
— ለእህቴ፣ ስትነቃ እንድታነበው
— ለፕሮግራመርዎ፣ ለምሳ እንዲያደርስልን

ድኅረ ጽሑፍ፦ እህቴ በሰላም ወጣች። ልጇ ሴት ናት፤ አልቅሳለች፣ አጥብቃም ታለቅሳለች፣ እኔም እንዲያ ስታለቅስ መስማት አልጠግብም። ነርሷ ቀዩን ማስጠንቀቂያ አይታ ሌላ መድኃኒት እንደ ሰጠቻት ነገረችኝ፤ «ይህ ባይኖር ኖሮ ፔኒሲሊኑን ነበር የምሰጣት» አለችኝ፣ እንደ ዋዛ። ስለዚህ ደብዳቤው አሁን ከስልኬ ይወጣል። ሕፃኗን ልናስመዘግብ ስንመጣ ጣት በዚያ በተን ላይ እንዳያርፍ ከወዲሁ አደራ እላለሁ።

ወደ ፎቶግራፉ ልመለስ ብዬ ነበር። ታላቅ ወንድምዎ ስኳር እንዳለባቸው ተመዘገቡ፤ ክቡርነትዎም በዚያችው በተን እንደ እርሳቸው ተሞሉ። ከዚያ በቅርቡ ተመርምረው ምንም ዓይነት ሕመም እንደሌለብዎ አስመዘገቡ፣ ስለዚህም ኮርተው ጻፉልኝ። ያስመዘገቡት በማን ሣጥን ውስጥ እንደሆነ አሁን ሳይገባዎ አይቀርም። መድኃኒት ቤቱ በሚቀጥለው ጊዜ የወንድምዎን ካርድ ሲከፍት የሚያገኘው በባለሙያ የተረጋገጠ ጤነኛ ሰው ነው፤ ለጤነኛ ሰው የስኳር መርፌ አይሰጥም፣ ቃላቸውም ከሲስተሙ ጋር ቢጋጭ ሲስተሙ እንደሚጸና ሰርኩላርዎ ያዛል። የስኳርን ሕመም መሬት ላይ ወድቄ አላስመስልልዎትም፣ አላውቅበትም። ዛሬውኑ ይደውሉላቸው።